ስንት እንደጠጣን ይነግሩናል፤ ምን እንደጠጣን ግን አይነግሩንም!

(ስለ ድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

እኛ ድሬዎች «አንቱ» መባባል ስለማይሆንልን እኔም ያለ ወግ ያለ ማዕረግ ነው የማወራችሁ። ርዕሱም ቢሆን ክራቫት የሚያስር አይደለም። ማንቆርቆሪያ ነው፣ የሻወር ወንፊት ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው።

እስቲ ቤታችሁ ስትገቡ ማንቆርቆሪያውን ከፍታችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። የሻወሩ ቀዳዳ ግማሹ ተደፍኗል። ቦይለር የገዛ ሰውማ አይነሳ! ማሞቂያው ብረት ድንጋይ ተከናንቦ ተቃጥሎ ያገኘዋል።

«ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ» ይባላል። የኛን ውሃ ግን ድንጋዩ ያናገረው ገና ከመሬት ሳይወጣ ነው። ከተማችን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በስተደቡብ፣ በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ የወረደው ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ከዚያ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየተሹለከለከ ሲወርድ ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ይመጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬ ላይ የተተከለው ለምን ይመስላችኋል? ለዚሁ ለኖራ ድንጋይ ነው! ፋብሪካው ፈንቅሎ የሚፈጨውን እኛ በብርጭቆ እንጠጣዋለን።

ባለሙያዎች ጠጣር ውሃ ይሉታል። በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በአንድ ሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ከያዘ «በጣም ጠጣር» ነው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ያስቀመጠው ጣሪያ 300 ነው። የዚህ ዕዳ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? በደሃው ጓዳ ላይ! ሳሙናው ከማረፉ በፊት ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ አተላ ስለሚሆን፣ በሌላ አገር በአንድ ሳሙና የሚታጠበውን ልብስ እዚህ በሁለት ታጥቡታላችሁ። ባቄላውና ሽምብራው ግማሽ ቀን ቢንተከተክ አልለሰልስ የሚለው እናት ሙያ ስላነሳት አይደለም፤ ካልሲየሙ እህሉን አያይዞ ስለሚያጠነክረው ነው። ከሰሉ ግን ያልቃል።

ባቡር ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የእንፋሎት ባቡር አጥብቆ የሚፈራው ይህንኑ ቅርፊት ነበር፤ ሙቀቱን አግዶ ቦይለሩን ያቃጥለዋልና። በዚህም ምክንያት በብዙ አገር የባቡር ድርጅቶች ለሎኮሞቲቮቻቸው ውሃ አለስልሰው ያጠጡ ነበር። ለብረት ታስቦለታል። ለሰውስ?

አሁን «ታዲያ ይገድለናል ወይ?» ማለታችሁ አይቀርም። ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ነጩ ቅርፊት አይገድልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጠጣርነት በጤና ምክንያት ያወጣው ገደብ የለም። ካልሲየምም ማግኒዚየምም ለሰውነት የሚያስፈልጉ ናቸው። «የኩላሊት ጠጠር ያመጣው ውሃው ነው» የሚለው የመንደር ወሬም በጥናት አልጸናም። እንዲያውም እንደኛ ባለ ሙቀት ውስጥ ጠጠርን የሚያባብሰው ውሃ በበቂ አለመጠጣት ነው። ጣዕሙን ጠልቶ ቀኑን ሙሉ በሻይ ብቻ የሚውል ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው። ለማንቆርቆሪያው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምራችሁ አፍሉት፣ ይለቅቃል። በጨው የሚሠራውን ማለስለሻ ማሽን የምትገዙ ካላችሁ ደግሞ እወቁት፤ ካልሲየሙን አውጥቶ በሶዲየም ነው የሚተካው። ደም ግፊት ያለበት ሰው የሚጠጣውን በዚያ ባያሳልፍ ይሻለዋል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የማይታየው ነው። ስሙ ናይትሬት ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ማንቆርቆሪያ ላይ አይጋገር። የሚመጣው በአብዛኛው ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከፍሳሽ ነው። የከተማችን ነባር የውሃ ጉድጓዶች ያሉት ሳቢያን ነው። ሳቢያን ደግሞ ዛሬ ሰፈር ነው! በላይ ቤትና ሽንት ቤት፣ በታች የምንጠጣው ውሃ... መሬቱ አሸዋና ስንጥቅ ድንጋይ ስለሆነ የፈሰሰውን ሁሉ ያሳልፋል። ባለሙያዎች ባደረጓቸው ጥናቶች በከተማዋ አንዳንድ ጉድጓዶች ናይትሬት ከልክ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት በጡጦ ዱቄት ወተት የሚጠጡ፣ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ከንፈራቸው ይጠቁራል።

እዚህ ላይ እናቶች ልብ በሉልኝ። «አፍልቼ ነው የማጠጣው» የሚለው ለጀርም ትክክል ነው፤ ለናይትሬት ግን አይሠራም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይወፍራል። ጡት ማጥባት ከሁሉ ይበልጣል። ጡጦ ግድ ከሆነ ውሃው የተመረመረ ይሁን።

የተመረመረ ስል ግን ውጤቱን ያየ ማን አለ? እዚህ ነው ነገሩ! በየወሩ ቢል ይመጣል። ስንት ሜትር ኩብ እንደጠጣን፣ ስንት ብር እንዳለብን በሳንቲም ሳይቀር ተጽፏል። ምን እንደጠጣን ግን የለበትም። ቀዚራ የሚደርሰውና መጋላ የሚደርሰው ከአንድ ጉድጓድ ይሁን ከሁለት፣ ክሎሪኑ ስንት፣ ናይትሬቱ ስንት እንደሆነ አንድ መስመር የለም። ሹማምንቱ «ሕዝቡ ይደናገጣል» የሚሉ ከሆነ፣ ሕዝቡ የሚደነግጠው ሲደበቅ ነው።

የምንጠይቀው የሰማይ ኮከብ አይደለም። የከተማውን ውሃ በሙሉ ማለስለስ ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ እናውቃለን፤ ቅርፊቱን በአቼቶ እንችለዋለን። ናይትሬቱ የበዛበት ጉድጓድ ግን ይዘጋ፣ ወይም ከንጹሑ ጋር ተቀላቅሎ ከልክ በታች ይውረድ። በጉድጓዶቹ ዙሪያ አዲስ ሽንት ቤት እንዳይቆፈር ክልሉ በምልክት ይታጠር። እዚያ ለሰፈረው ሕዝብ ደግሞ የሚመጠጥና የሚወሰድ ታንከር ይመደብለት እንጂ «ተነስ» አይባል፤ ሲሠራ ዝም ብለው አይተውታልና። የምርመራው ውጤትም ጉድጓድ በጉድጓድ ተለይቶ በየሦስት ወሩ በየቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም።

የዛሬውን ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጅተነዋል፤ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስትወጡ አንብባችሁ የተስማማችሁ ፈርሙ። በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ያለው ቤት ደግሞ ከስሙ ጎን ሰፈሩን ይጻፍልን፤ ናሙና ስናስመረምር ከእነዚያ ቤቶች ነው የምንጀምረው።