ስለ አልማዝ ባለጭራ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን ይነግሯችኋል። የኔ ነገር ስለ አልማዝ ባለጭራ ነው። ስሙ የቆንጆ ሴት፣ ሕመሙ ግን አይጣል ነው!

በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር ግራ ጎኔን ያቃጥለኝ ጀመር። ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከጀርባዬ እስከ ደረቴ እንደ መቀነት ተጋደመ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ደበቅሁት። በ1990ዎቹ ይህ የወጣበት ሰው «ያ በሽታ አለበት» እየተባለ ሲታማ፣ ጎረቤት ቡና ሲከለክለው በዓይኔ አይቻለሁና ፈራሁ። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግር ስምንት ቀን ከነሸሚዜ ተኛሁ። ሸሚዙ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ያገኘችው እሷ ናት፤ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ እንደገለጸልኝ፣ በልጅነት ጉድፍ የሚሉትን ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የሚባል ቫይረስ ነው። ልጁ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ አከርካሪ አጠገብ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል። ሰው ሲያረጅ፣ ወይም በካንሰር ሕክምና፣ በኤች አይ ቪና በመሳሰለው የሰውነቱ መከላከያ ሲደክም ይነሳና ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ይወጣል። አንድ ጎን ብቻ የሚይዘውም ስለዚህ ነው እንጂ፣ ጎረቤቴ እንዳለኝ ሸረሪት ሄዳብኝ አይደለም።

ይህንን ሐሳብ በ1965 እ.ኤ.አ. አስረድቶ የጻፈው ሆፕ ሲምፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የራሱን ሕመምተኞች 16 ዓመት ሙሉ በመዝገብ እየያዘ ነው የደረሰበት። እኔም ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የጨረስኩ ነኝና ይቺን ስሰማ ደስ አለኝ።

አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚበጀው። እኔ አሳለፍኩት። ቁስሉ ደረቀ፣ ቃጠሎው ግን ሰባት ወር ከረመ፤ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ እጮህ ነበር። ዓይን አጠገብ የወጣበት ሰውማ ዓይኑን ሊያጣ ይችላልና የዚያኑ ቀን ይሂድ።

ከታመመ ሰው አልማዝ ባለጭራ አይጋባም። ጉድፍ ያልወጣለት ሰው ግን የሽፍታውን ውሃ ቢነካ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ እስኪደርቅ መሸፈን፣ ከነፍሰ ጡርና ከጨቅላ መራቅ ነው። ቡና አብሮ መጠጣት አያስከለክልም።

ሐኪሙ የደም ምርመራም አዞልኝ ተመርምሬያለሁ። ውጤቱን የምትጠይቁኝ ካላችሁ አልነግራችሁም። ሐኪም ቤቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ከስብሰባው በኋላ እነግራችኋለሁ።