ጉልበቱ ወዴት ሄደ? ከአንዲት መጫወቻ መኪና መሪ የተገኘ የጥገና ትምህርት

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአት፣ ከክንዴ የማትረዝም መኪና የልጅ መጫወቻ ናት። ከኢታንግ በአደራ ይዣት መጥቻለሁ፤ ባለቤቷ የእኅቴ ልጅ ነው፣ ንግግሬን እንደ ጨረስሁ እንድመልስለትም ቃል አስገብቶኛል። የዛሬው ንግግሬ ስለ እርሷ የመሪ ክፍሎች ነው፦ እንዴት እንደ ተሰበሩ፣ እንዴት እንደ ጠገንኋቸው፣ ይልቁንም እኔ የሜካኒካል ምሕንድስና መምህሩ ስጠግን ምን እንደ ሰበርሁ።

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ስሟ ተጠቅሷል፤ ውሉ በአቅራቢያዋ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። ጣቢያው ኋላ የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ነው። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች እዚያ የሚደርሱት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ስለነበር፣ በዚያ አገር ከሩቅ የሚመጣን ዕቃ ወቅት ጠብቆ መቀበል የቆየ ነገር ነው። ዛሬ መኪና መንገድ አለ፤ የመጫወቻ መኪና መለዋወጫ ግን እኅቴ በገበያው ፈልጋ አላገኘችም። ስለዚህ የተሰበረው ወይ ይጠገናል፣ ወይ ይጣላል።

የመሪውን አሠራር ባጭሩ ላስረዳ። ልጁ በእጁ የያዘውን መቆጣጠሪያ ሲያዞር ትእዛዙ በሬዲዮ ሞገድ ይደርሳል፤ ሰርቮ የሚባለው ትንሽ ሞተር በጥቃቅን ጥርሶቹ አማካይነት አጭር ክንድ ያዞራል፤ ክንዱ ዘንግ ይገፋል ወይም ይስባል፤ ዘንጉም የጎማውን ክንድ ይዞ ጎማውን በቋሚ ምሰሶው ላይ ያዞረዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኒኮላ ቴስላ በሬዲዮ የምትታዘዝ ጀልባ በኒው ዮርክ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1898 ነበር። ልብ በሉ ግን፤ ከሰርቮው ወደ ጎማው የሚወስደው መንገድ ከጎማውም ወደ ሰርቮው ይመልሳል። ትእዛዝ በወረደበት መንገድ ምት ይወጣል።

በበጋ የኢታንግ ጥቁር አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል። መኪናዋ በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ የቀኝ ጎማዋ በአንዱ ስንጥቅ ገብቶ ጠርዙን መታ። ልጁ መኪናዋን ታቅፎ መጣና፣ «አጎቴ፣ ወደ ቀኝ እምቢ አለች» አለኝ። የቀኝ ጎማው ክንድ ብሎን በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ተሰብሮ ነበር።

ለምን እዚያ? እስቲ እናስላ። ጎማው ላይ 20 ኒውተን ኃይል ደረሰ እንበል። ምቱ ከመዞሪያው ምሰሶ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢያርፍ የማዞር ጉልበቱ 0.6 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ዘንጉ የተያያዘበት የጎማ ክንድ ግን ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዘንጉ የሚያልፈው ኃይል 60 ኒውተን፣ ማለትም የምቱ ሦስት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ቀዳዳው ራሱ አለ፤ በሚሳብ ሰፊ ጠፍጣፋ አካል ላይ ያለ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በጠርዙ ላይ ያለውን ውጥረት ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ክፍሉ የተሰበረው ስሌቱ በሚጠቁመው ቦታ ነበር።

የመጀመሪያው ጥገናዬ የችኮላ ነበር፤ በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። አንድ ቀን ብቻ ቆየ። ይህ ሙጫ ሲደርቅ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ጎን ለጎን የሚንሸራተት ጭነትን ይችላል፣ ድንገተኛ ምትንና መገንጠልን ግን አይችልም። የመሪ ክንድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚቀበለው እነዚህኑ ነው።

ሁለተኛው ጥገናዬ የኩራት ነበር። ከአሉሚኒየም ጠፍጣፋ አዲስ ክንድ በሞረድ ቀረጽሁ፤ ውፍረቱንም ከቀድሞው እጥፍ አደረግሁት። በክፍል ውስጥ ዘወትር እንደምነግራችሁ፣ ውፍረት እጥፍ ሲሆን በመታጠፍ ላይ ያለው ግትርነት 8 እጥፍ ይሆናል። ብረቱም በራሱ ከፕላስቲኩ እጅግ የጠነከረ ነው። «ከእንግዲህ አትሰበርም» ብዬ ለልጁ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አልታዘዝ አለች። ክንዱን አገላብጬ አየሁት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ልጁ ከትከሻዬ በላይ እያየ፣ «አጎቴ፣ አንተ የሠራኸውማ ደህና ነው፤ የተሰበረው ሌላው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። የሰርቮው ጥርሶች ረግፈዋል። ስሌቱን ከዘንጉ በላይ ባለመቀጠሌ ነው። ያ 60 ኒውተን 1.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የሰርቮ ክንድ ላይ ሲያርፍ 0.9 ኒውተን ሜትር፣ በሰርቮ ሻጮች አነጋገር 9 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የእኛ ሰርቮ አቅም 3 ነበር። የቀድሞው ፕላስቲክ እየተለመጠ ምቱን ያበርድ፣ ሲብስም ራሱ ተሰብሮ ሰርቮውን ያድን ነበር። እኔ ርካሹን አጽንቼ ውዱን አሰበርሁ። ጉልበቱ አልጠፋም፤ መንገዱን ቀጥሎ ቀጣዩን ደካማ አገኘ እንጂ። ልጁ ሌላ ሰርቮ ከአዲስ አበባ ይዤ እስክመለስ ድረስ ሁለት ወር ጠበቀ።

በሦስተኛው ጊዜ አስቀድሜ የጠየቅሁት «ምን ላጠንክር?» ብዬ ሳይሆን «ምቱ የት እንዲያርፍ ልፍቀድ?» ብዬ ነው። ወደ ፕላስቲኩ ክንድ ተመለስሁ። በሁለቱም ስብራት ፊት ለፊት ቀጭን ቀዳዳ በስቼ የብረት ሽቦ እንደ አጥንት አስገባሁ፤ ከላይ ክር ጠምጥሜ ሙጫ አጠጣሁት። ክሩ ሰው ሠራሽ ይሁን፤ ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ እጅ እስከሚያቃጥል ይግላልና። በግራው ክንድ ላይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበር። ኢንግሊስ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳሳየው፣ የስንጥቅ ጫፍ በሾለ መጠን ውጥረቱ ይበረታል። ስለዚህ ከስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በሳሁ፤ ጫፉ ሲከብ ስንጥቁ መሄዱን ያቆማል ወይም ይዘገያል። እኅቴ ይህን አይታ ሳቀች፤ የተሰነጠቀ ቅል ስትሰፋ ግራና ቀኙን እየበሳች በክር ታስረዋለች፤ እኔም በመኪናዋ ላይ ያደረግሁት ከዚያ የራቀ አልነበረም።

ከሰርቮው ዘንድ ደግሞ ሞላ ያለበት ክንድ ገጠምሁ። ምት ሲመጣ ሞላው ይለመጣል፣ ከዚያም ይመለሳል። በዘንጉ መካከል ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ ቀጭን ማያያዣ በብሎን አሰርሁ፤ የጀሪካን ፕላስቲክ ሙጫ አይቀበልምና። ከሞላው አቅም በላይ የሆነ ምት ሲመጣ የሚቀደደው ይህ ነው። ልጁ ራሱ በመቀስ ይቆርጠዋል፤ አሁን በክብሪት ቀፎ አምስት መለዋወጫ አለው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁት፤ የማያያዣው ርዝመት አይለወጥ። መኪና ስትታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው ይበልጥ መዞር አለበት። ይህን የፈለሰፈው የሙኒኩ ላንከንስፐርገር ሲሆን፣ አከርማን በለንደን የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። ዘንጉ ቢያጥር ወይም ቢረዝም ክፍሉ ጠንካራ ሆኖ እንኳ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች።

ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልለይ ብወርድ ጥፋት ይሆንብኛል። በመጫወቻ መኪና ላይ መሪው እንዲሰበር መፍቀድ ጥበብ ነው፤ ብትቆም የሚጎዳ የለም። ሰው በጫነች መኪና ላይ ግን የመሪ ክፍል ፈጽሞ መሥዋዕት አይሆንም። ስለዚህ የእውነተኛ መኪና የመሪ ዘንግና መገጣጠሚያ የሚሠራው ከመበጠሱ በፊት እንዲታጠፍና ሾፌሩን እንዲያስጠነቅቅ ሆኖ ነው። ይህን ጠባይ የሚያገኘው ከብረቱ ዓይነትና ከተሰጠው የሙቀት ሕክምና ነው። ተጣሞ የተቃናና የተበየደ የመሪ ዘንግ፣ ቀለም ተቀብቶ ወደ ሕዝብ ማመላለሻ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ብየዳው ያማረ ነበር። የብየዳው ግለት ግን ከጎኑ ያለውን ብረት ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ክፍል ሳይታጠፍና ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። ያን ጊዜ ቀጣዩ ደካማ የሰርቮ ጥርስ አይደለም፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ክፍል አይጠገንም፤ ይለወጣል። ይህን ለባለ ንብረቱ ፊት ለፊት መናገር ከእናንተ ሙያ የሚጠበቅ ነው፤ ኪሱን ስለሚነካም ቀላል አይሆንላችሁም።

እንግዲህ የተሰበረ ነገር በእጃችሁ ሲገባ፣ ከመዶሻው በፊት ወረቀት አንሡ። ኃይሉ ከየት እንደ ገባ፣ በየት እንዳለፈ፣ እናንተ ይህን ብታጸኑ ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ። እኔ ያን ባለማድረጌ አንድ ልጅ ሁለት ወር አስጠብቄአለሁ፤ ያረመኝም እርሱ ነው። ከፈለጋችሁ ወደ ጠረጴዛው ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ የጀሪካኑን ማያያዣ ግን እባካችሁ አትጎትቱት፤ ቆጥሮ ነው የሰጠኝ።