«ምንም የላትም» ስለሚባልላት ሕመምተኛ
(ለዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በየለቅሶው ቤት ከምንሰማው ሐሜት አንዱ «እገሊት ሁልጊዜ ታመምኩ ትላለች፤ ምንም የላትም» የሚለው ነው። መላ ሰውነቷን እየቆረጠማት፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ፣ ጠዋት ደክሟት የምትነሣ ሴት ደሟ ቢመረመር፣ ራጅም ብትነሣ ደኅና ነሽ ትባላለች። ሐኪሞች ይህን በሽታ ፋይብሮማያልጂያ ይሉታል። ወንዶችንም ይይዛል፤ የሚበዛው ግን በሴቶች ላይ ነው።

ታዲያ ሕመሙ ከየት ይመጣል? ለብዙ ዘመን «ከሐሳብ ነው» ሲባል ኖረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን በቦስተን ከተማ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከ27 ሕሙማን እግር፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ቆዳ ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩት። ከመቶው 41 በሚሆኑት ዘንድ በቆዳው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ተጎድተው ተገኙ። ለማነጻጸሪያ ከቀረቡት ሰዎች ዘንድ ይህ የታየው በ3 ከመቶው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር፣ በቩርዝበርግ የተመራመሩትም ወደዚሁ የሚቀርብ ነገር አገኙ።

ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ወፍራምም ቀጭንም አለው። ወፍራሞቹ ጡንቻን ያዛሉ፤ ቀጫጭኖቹ የሕመምን፣ የሙቀትንና የቅዝቃዜን ወሬ ያደርሳሉ፣ ላብንና የልብ ትርታንም ያግዛሉ። በኤሌክትሪክ የሚደረገው የተለመደው የነርቭ ምርመራ የሚለካው ወፍራሞቹን ብቻ ነው። እንግዲህ ሰውየው እየተቃጠለ ወረቀቱ «ደኅና ነው» ቢል ምን ይገርማል!

ይህን ስንል ሕመምተኛው ሁሉ ነርቩ ተጎድቷል ማለታችን አይደለም። በቦስተኑ ጥናት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አልታየም፤ ጉዳቱ የሕመሙ መነሻ ይሁን ተከታይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና ይከራከራሉ። ደግሞም እግሩን ያቃጠለው ሁሉ ፋይብሮማያልጂያ ያዘው አይባልም። የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የመጠጥ ብዛት፣ ኤችአይቪም እነዚህኑ ክሮች ይጎዳሉ። ኧረ እባካችሁ፣ «ብርድ ነው» እያልን በቅቤ ስንታሽ ዓመት አንቆይ፤ ስኳራችንን እናስለካ።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ እንምጣ። ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል እንዲቀጣ ደንባችን ያዛል፤ ደንቡ ደግ ነው። ነገር ግን «ሕመም» የሚለውን ቃል አልጋ ላይ ለወደቀ ብቻ አድርገን ስንተረጉመው ኖረናል። የሐኪም ወረቀት ያመጣች አባል፣ የምርመራ ውጤቷ ንጹሕ ቢሆንም፣ ከወጥ ቤት ሥራና ዕቃ ከመሸከም ነፃ ትሁን፤ ተቀምጣ መዝገብ ትያዝ። ኮሚቴው ይህን ለዛሬው ስብሰባ ድምፅ እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን።