ቀዩ ነጥብ ወይስ አረንጓዴው?

እሷ፦ አሜሪካ ውስጥ ለሽጉጡ ሌዘር ማነጣጠሪያ የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ቀለሙን ነው። የትኛው ይሻላል?

እሱ፦ በቀን ብርሃን ዓይናችን 532 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ አጥርቶ ያያል። ቀዩ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፤ ባትሪም ይቆጥባል።

እሷ፦ አገጣጠሙስ?

እሱ፦ ከሁሉ በፊት ካዝናውን አውጥቶ በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ! ይህን የሚዘል ሰው መሣሪያ ባይነካ ይሻላል።

እሷ፦ ከዚያ ማስተካከሉ ይመጣል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

እሱ፦ አዎ፣ እህቴ። ሌዘሩ ብዙውን ጊዜ ከበርሜሉ በታች ስለሚታሰር ነጥቡና ጥይቱ የሚገጥሙት በተስተካከለበት ርቀት ነው። ቀረብ ወይም ራቅ ሲባል ይለያያሉ። ተኩስ ብሎኖቹን ሊያላላ ስለሚችልም ደጋግሞ መፈተሽ ያስፈልጋል።

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ በብረቱ ማነጣጠሪያ መለማመዱን አትተዉ፤ ባትሪው ሲያልቅ የሚቀራችሁ እሱ ነው።