በማካቤ የአሻንጉሊት በዓል የዋልሁበት ቀን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ልነግራችሁ የተነሣሁት በጃፓን ባላገር ስለዋልሁበት አንድ የአሻንጉሊት በዓል ነው። በዚያ ቀን ብዙ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይቻለሁ፤ ደግሞም አንድ ጊዜ እጅግ አፍሬአለሁ። ደስታውን ብቻ ነግሬ ኀፍረቱን ብደብቅ ንግግሬ ግማሽ ይሆናልና ሁለቱንም እናገራለሁ።

ታላቅ እህቴ በጃፓን አገር ጽኩባ በምትባለው ከተማ በዩኒቨርሲቲ የምትማር ስለ ሆነች በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። የዓድዋን ድል በዓል በእርሷ ክፍል ሽሮ ሠርተን አሰብን። በማግሥቱ፣ እሑድ የካቲት 24 ቀን፣ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝና «ዛሬ በእነርሱ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር ሦስተኛ ቀን፣ የሴቶች ልጆች በዓል ነው፤ ተነሺ፣ ባላገር እንሄዳለን» አለችኝ።

በሁለት አውቶቡስ ተጓዝን። መንገዱ ቁመቱ 877 ሜትር የሆነውን የጽኩባን ተራራ በስተቀኝ እየተወ ወደ ሰሜን ይሄዳል። የሩዙ ማሳ ከታጨደ ወራት ስላለፉት ባዶ ነበር። በዚህ አቅጣጫ ቀድሞ ባቡር ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ሥራውን አቁሞ ዛሬ ሐዲዱ የነበረበት ቦታ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። በአውቶቡሱ ውስጥ አብረውን ከተሳፈሩት አብዛኞቹ ሸበቶዎች ነበሩ። ምክንያቱን እህቴን ብጠይቃት «ወጣቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ እንደኛው አገር ነው» ብላ መለሰችልኝ።

የደረስንባት ማካቤ በተራሮች ግርጌ ያለች፣ በድንጋይ ጠራቢዎቿ የታወቀች አሮጌ የንግድ ከተማ ናት። ሰዎቿ ከተራራው ግራኒት እያወጡ የድንጋይ ፋኖስ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጥቂት ነዋሪዎች በብርድ ወራት ወደ ከተማቸው የሚመጣውን እንግዳ በምን እንደሚያስተናግዱት ተመካክረው፣ በየሣጥኑ የተቀመጡትን አሻንጉሊቶች አውጥተው ለአላፊ አግዳሚው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ከፌብሩዋሪ 4 ቀን እስከ ማርች 3 ቀን ድረስ ብዙ ቤቶችና ሱቆች በራቸውን ለእንግዳ ይከፍታሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት የከተማይቱን አሮጌ ሠፈር በቅርስነት መዘገበው፤ በዓመቱ ግን በማርች 11 ቀን 2011 የተነሣው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ጣራና ግድግዳ አፈረሰ። ሕዝቡም ተስፋ ሳይቆርጥ ጠገነው።

አሁን ስለ አሻንጉሊቶቹ ልንገራችሁ። በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ሰባት ደረጃ ያለው መደርደሪያ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። በላይኛው ደረጃ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ የሐር ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከእነርሱ በታች ሦስት ደንገጡሮች፣ ቀጥሎ አምስት ሙዚቀኞች፣ ይኸውም አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ዋሽንት ነፊና ሦስት ከበሮ መቺዎች፣ ከዚያም ሁለት ሚኒስትሮች፣ በመጨረሻም ሦስት አሽከሮች ይገኛሉ። በጠቅላላው አሥራ አምስት ናቸው። በታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች የሙሽራይቱ ዕቃ፣ እስከ በሬ ሠረገላው ድረስ፣ በትንንሹ ተሠርቶ ተደርድሯል። በአጠገባቸው ቀይ ዳማ፣ ነጭና አረንጓዴ ሆኖ የተነባበረ የሩዝ ቂጣና የኮክ አበባ ይቀመጣል። የሚገርመው ግን በደጅ የኮክ ዛፍ ገና አላበበም ነበር። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1873 የአውሮፓን አቆጣጠር ስለ ተቀበሉ፣ በጨረቃ ሲቆጠር ከአበባው ጋር ይገናኝ የነበረው በዓል ዛሬ ከአበባው ቀድሞ ይውላል። የራሳችን አቆጣጠር ያለን እኛ ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን።

ከብዙ ቤት በኋላ አንዲት የሰማንያ አምስት ዓመት እናት ወደሚኖሩበት ቤት ገባን። ጫማችንን አውልቀን ተቀመጥን፤ ከሩዝ የተሠራ ትኩስ ጣፋጭ መጠጥ ሰጡን። ያን ቀይ ጨርቅ፣ ያን ከፍ ያለ ደረጃ፣ ያን የቀረበውን ምግብ ስመለከት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስለ ጣዖት የተማርሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። በዚህ ጊዜ ሳላስብ እህቴን «ጠይቂያቸው፤ ለእነዚህ ይሰግዳሉን?» አልኋት።

እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። መተርጐም አልፈለገችም። እርሳቸው ግን «እንግዳይቱ ምን አለች?» ብለው ግድ ስላሏት ነገረቻቸው። ጥቂት ዝም አሉ። እኔም በዚያ ዝምታ ውስጥ የሰው ቤት ገብቼ፣ የሰው መጠጥ እየጠጣሁ ምን እንደ ተናገርሁ ገባኝ። መሬት ብትከፈት በወደድሁ ነበር።

እርሳቸው ግን ሳይቈጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንሰግድላቸውም። እኔ እነርሱን ሳይ የማስበው እናቴን ነው። የተወለድሁት ቶኪዮ ነው። እነዚህን የላከችልኝ የእናቴ እናት ናት፤ ልማዱ እንዲህ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ አሻንጉሊቶቹ ሳይነሡ የቆዩ እንደ ሆነ የቤቱ ልጅ ሳታገባ ትቀራለች እየተባለ ይተረታልና እናቴ በማግሥቱ ጠቅልላ በሣጥን ታስቀምጣቸው ነበር። በ1945 በዓሉ ካለፈ በሳምንቱ ቶኪዮ በቦምብ ተቃጠለች። እናቴ በአንድ እጇ እኔን ይዛ፣ በጀርባዋ አንድ ሣጥን አዝላ ሸሸች። በሣጥኑ ውስጥ የነበሩት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። የቀሩት አሥራ ሦስቱ ተቃጠሉ፤ እነዚህ በኋላ የተገዙ ናቸው።»

ትኩር ብዬ ስመለከት እውነት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ፊት ከሌሎቹ ይልቅ የወየበ ነው።

የበዓሉን መነሻም እህቴ እየተረጐመች አስረዱኝ። በጥንት ዘመን የወረቀት ምስል ሠርተው ገላን አሻሽተውበት፣ የሰውን ሕመምና ክፉ ዕድል እንዲወስድ ወደ ወንዝ ይለቁት ነበር። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለችው ሴት ደራሲ በጻፈችው «የገንጂ ታሪክ» ውስጥ እንኳ ምስል በጀልባ ተጭኖ ወደ ባሕር ሲላክ ይተረካል። ያ ሥርዓትና የመሳፍንት ልጆች የአሻንጉሊት ጨዋታ በዘመናት ብዛት ተቀላቅለው ይህ በዓል ሆነ። በቶቶሪ አውራጃ ሞቺጋሴ በሚባለው ቦታ ዛሬም የወረቀት አሻንጉሊቶችን በገለባ ላይ አድርገው በወንዝ ይለቃሉ። እንግዲህ አሻንጉሊቱ ለልጅቱ ምትክ ነው፤ የሚመጣባትን ክፉ ነገር በእርሷ ፋንታ ይቀበላል ማለት ነው። ይህን ሁላችንም ላንቀበለው እንችላለን። ነገር ግን የአንዲት እናት «በልጄ አይድረስ» የሚል ጭንቀት እንዳለበት ካወቅሁ በኋላ ያን ጥያቄ እንደ ፊተኛው አድርጌ ልጠይቅ አልችልም።

ከዚህ በኋላ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። አሻንጉሊቶቹ የሚያሳዩት ሠርግ ነው፤ ለሴት ልጅ የሚመኙላት ጋብቻን ብቻ ነውን? አሮጊቷ ሳቁና «እናት ለልጇ የምትመኘው የምታውቀውን መልካም ነገር ነው። እኔ ዛሬ ብገዛ ኖሮ ከሠረገላው አጠገብ መጽሐፍ እጨምር ነበር» አሉ። ቀጥለውም የእኛ ቀን ከወንዶቹ ጋር እኩል አይምሰልሽ አሉኝ። የወንዶች ልጆች ቀን የነበረው የአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን እ.ኤ.አ. በ1948 የልጆች ሁሉ ቀን ተብሎ መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት በዓል ሲሆን፣ የሴቶቹ ቀን ግን እስከ ዛሬ የሥራ ቀን ሆኖ ቀርቷል።

በመጨረሻም እርሳቸው በተራቸው «በአገራችሁ ሴት ልጅ ስትወለድ ምን ይደረግላታል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን ተናገርሁ፦ «እልል ይባላል፤ በብዙ ቦታ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ» አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልፈረዱብንም። «ለአንቺስ ስንት ተባለ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ቀን ስለ ነበር ሲመሽ እቃውን አብረናቸው አነሣን። የአሻንጉሊት ፊት በጣት አይነካም፤ በስስ ወረቀት ይሸፈናል። ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሩቅ ከተማ ስለሚኖሩ በዚያ ቤት ሴት ልጅ የለችም። እቴጌይቱን እንድጠቀልል የሰጡት ለእኔ ነበር። ያን የመሰለ ጥያቄ ለጠየቅሁት ለእኔ!

ወደ አገሬ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እናቴን መጠየቅ ነበር። እናቴ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጣለችና ብዋሽ ትመሰክርብኛለች። እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ስትወለጂ ጎረቤቶቹ ሦስቱን እልል ብለው ዝም አሉ። አያትሽ ግን ብቻዋን አራት ጨመረች። ሰውም ወንድ መስሎት ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ‹ሴት ናት፤ ቢሆንስ?› እያለች ቡናውን ታቀርብ ነበር።»

አያቴ ቀይ ጨርቅና የሐር አሻንጉሊት አልነበራትም። ድምፅ ብቻ ነበራት፤ እርሱን ሰጠችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ስጦታዋን አላውቀውም ነበር፤ ከአንዲት የሩቅ አገር እናት ባልጠየቅ ኖሮ ዛሬም ባላወቅሁት ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ! ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ብዙ ሰው ቤት እንገባለን። በገባንበት ሁሉ ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቅ፤ ስንጠይቅም በትሕትና ይሁን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። እናንተም ወላጆች ሆይ፣ ለሴት ልጅ የሚባለው እልልታ ከእንግዲህ እንዳይቈጠርባት አደራ እላለሁ።