መጽሐፉ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በኢትዮጵያ የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ጽፎ ሲፈጽም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ የሚያኖረው ግዝት አለ፤ መጽሐፉን የሰረቀም የፋቀም በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። ጸሐፊው የመጽሐፍን ሁለት ጠላቶች ለይቶ ያውቅ ነበር። አንዱ መጽሐፉን የሚወስድ ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፉን ባለበት ትቶ ቃሉን የሚያጠፋ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስን በኪንድል፣ በታብሌትና በስልክ ለሚያነብ ምእመንም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ስለ መወሰድ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ «1984»ን እና «አኒማል ፋርም»ን፣ ከገዢዎች ኪንድል ላይ በሩቅ ሆኖ አጠፋ። ምክንያቱ ያቀረባቸው ሻጭ መብቱ ያልነበረው መሆኑ ነው። ገንዘቡ ተመልሷል፤ የድርጅቱ መሪም ይቅርታ ጠይቋል። በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። ዋጋቸው ተመለሰ፤ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ለጻፈ አንባቢም 25 ዶላር ተጨመረለት። የሰው የጸሎትና የጥናት ማስታወሻ ግን በ25 ዶላር የሚተመን አይደለም።

ይህ ሊሆን የቻለው «ግዛ» የሚለውን የሚጫን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃድን በመሆኑ ነው። ፋይሉ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የሚሰጠው የሻጩ ሰርቨር ነው። ፈቃዱም ለአንድ ሰው የተሰጠ ስለሆነ እንደ ወረቀት መጽሐፍ ለጎረቤት ለማዋስ ወይም ለልጅ ለማውረስ አይመችም። የካሊፎርኒያ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሻጮች ይህን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ ያዛል።

ሁለተኛው ስለ ቃሉ መለወጥ ነው። በእንግሊዝኛ በሰፊው የሚነበበው ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን በ1978 ሙሉ ሆኖ ታተመ፤ በ1984 እና በ2011 ተሻሻለ። በ2011 ለማኅበረ ምእመናን በተጻፉ ብዙ ቦታዎች «ወንድሞች» ይል የነበረው «ወንድሞችና እኅቶች» ሆነ። አሳታሚዎቹም የ1984ቱን ንባብ ማሳተም አቆሙ።

መሻሻል በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ቋንቋ ይለወጣል፣ ስሕተትም ይታረማል። በአማርኛም የአቡ ሩሚ ትርጉም ሙሉ መጽሐፍ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1840 ታትሟል፤ ከእርሱ በኋላ የ1954 ዓ.ም. ትርጉም፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የቤተ ክርስቲያን የሰማንያ አሐዱ እትም መጥተዋል። ነገር ግን አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ከመደርደሪያ አልተነሣም። የአንድምታ መምህርም «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ሲያመጣ የፊተኛውን አይፍቅም፤ ተማሪው ሁለቱን አስተያይቶ ይማራል። በመሣሪያ ላይ ግን አዲሱ ንባብ በአሮጌው ቦታ ሊተካ፣ አንባቢውም በቃሉ ያጠናው ጥቅስ ሲለወጥበት ምክንያቱን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

በውጭ ሀገር ለሚያድግ ልጅ ሌላም ጉዳይ አለ። በእነዚህ መሣሪያዎች የሚገኙት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አብዛኞቹ ስድሳ ስድስት መጻሕፍት ብቻ ይይዛሉ። ልጁ ሄኖክንና ኩፋሌን ፈልጎ ሲያጣ፣ በመሣሪያው አለመኖራቸው ከቀኖና መጉደላቸው እንዳይመስለው የሚነግረው ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በየቤቱ አንድ የታተመ ሰማንያ አሐዱ ይኑር፤ የልጆች የክርስትና ስምና የተጠመቁበት ቀን ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከመሣሪያ የሚጠቅስ ሁሉ የትርጉሙን ስምና ዓመት ይናገር፤ የሚገዛም ውሉን አንብቦ፣ ከተገኘ ያልተቆለፈውን ፋይል ይምረጥ። ሦስተኛ፣ የሰው ድካም ያለበትን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ቀድቶ ማሠራጨት አይገባም፤ «የሰረቀ» የሚለው ቃል ይህንንም ይመለከታልና። ዎርልድ ኢንግሊሽ ባይብልን የመሰለ ለሁሉ በነጻ የተተወ ትርጉም አለ፤ ሌላውን ለማባዛት የሚሻ ባለመብቱን ይጠይቅ።

መሣሪያው መልካም አገልጋይ ነው፤ በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እናት በባቡር ውስጥ ዳዊቷን ትደግምበታለች። ለልጇ የምታወርሰው ግን በእጇ ያለውን፣ ማንም በሩቅ ሆኖ የማይዘጋውን መጽሐፍ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።