በቤታችን ቆዳ ለምንሠራ ሰዎች የመቁረጫ መኪና አመራረጥ
(በቅሬያችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ስለ ቆዳ ሥራ ጥቂት እንድንናገር የቅሬው ዳኛ ስለ ፈቀዱልን እናመሰግናለን። እኛ በየቤታችን ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳ፣ የቁልፍ መያዣና የመጽሐፍ ማኅደር እየሠራን ለገበያ የምናወጣ አባላት ነን። እንድንናገር ያነሣሣን ምክንያት አለ። ሰሞኑን ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚወራው ስለ መቁረጫ መኪና ሆኗል። አንዱ በሬዬን ሸጬ ልግዛ ይላል፤ ሌላው ከቅሬው ሣጥን ይበደርልን ይላል። ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላ ምክር አይረባምና፣ በሥራው ላይ ሆነን ያየነውን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል ብለን ነው የተነሣነው።

ቆዳ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ቁርበቱና አጎዛው መኝታችን፣ ስልቻው የእህል መያዣችን፣ ጠፍሩ የአልጋችን፣ መጫኛው የአህያችን ሆኖ ኖሯል። መጻሕፍቱም የተጻፉት በፍየልና በበግ ብራና ላይ ነው። የወሎዋ ባቲ ስሟ በውጭ የቆዳ ገበያ የታወቀው በፍየል ቆዳዋ ነው። ይሁን እንጂ ሙያውን እንጠቀምበታለን እንጂ ባለሙያውን አናከብረውም ነበር። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል። አሁን የእኛ ልጆች ሙያውን ሳያፍሩ መያዛቸው ደስ ያሰኛል። በዕዳ ተይዘው እንዳይተዉት ግን ያሰጋናል። የዛሬውም ንግግር ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገራችን እንግባ። መኪና ከመግዛት በፊት እያንዳንዱ ሰው ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ጊዜዬን የሚበላው የትኛው ሥራ ነው?» የሚል ነው። ለምሳሌ አንድ የኪስ ቦርሳ ተሠርቶ እስኪያልቅ 140 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ መቁረጡ 20 ደቂቃ፣ መብሳቱ፣ መስፋቱና ጠርዙን ማለስለሱ 120 ደቂቃ ይሁን። መኪና ገዝተን መቁረጡን ወደ 5 ደቂቃ ብናወርደው የሚተርፈን 15 ደቂቃ ነው። በቀን 600 ደቂቃ የሚሠራ ሰው ያለ መኪና 4 ቦርሳ ያወጣል። መኪናውን ከገዛ በኋላም 4 አውጥቶ፣ አምስተኛውን ሳይጨርስ ይመሽበታል። ታዲያ በሬው የተሸጠው ለምኑ ነው?

የቁልፍ መያዣ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። መቁረጡ 6 ደቂቃ፣ የቀረው 4 ደቂቃ ቢሆን፣ በቀን 60 ይወጣል። መቁረጡ ወደ 1 ደቂቃ ከወረደ ግን አንዱ በ5 ደቂቃ ስለሚያልቅ በቀን 120 ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ ለያዘ ሰው መኪና ይጠቅመዋል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሰዓት እያያችሁ ጻፉ። የሚያዘገያችሁ ስፌቱ ከሆነ፣ መቁረጫውን ትታችሁ በአንድ ምት ብዙ ቀዳዳ የሚያወጣ ባለ ጥርስ መብሻ ብትገዙ ዋጋውም ቀላል፣ ጥቅሙም የበለጠ ነው።

ከዚህ ቀጥለን የመቁረጫውን ዓይነት ከርካሹ ወደ ውዱ በተራ እንናገራለን።

አንደኛው የካርቶን ቅድና ቢላዋ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በአዲስ አበባ በመርካቶ አካባቢ ከሚገኙት አነስተኛ ጫማ ሠሪዎች ብዙዎቹ ቆዳ የሚቆርጡት በቅድና በቢላዋ ነው። ቢላዋው ከአሮጌ ባሌስትራ ቢወጣም ችግር የለውም፤ ዋናው ነገር ስለቱ ነው። የደነዘ ቢላዋ ቆዳውን ይጎትተዋል፣ የተጎተተ ቆዳ ደግሞ ቅርጹ ይጣመማል። በየጥቂቱ መሳልና ለስላሳ ጣውላ ላይ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጠፍር መተልተያ ነው። ይህች በእጅ የምትያዝ የእንጨት ዕቃ ናት፤ ምላጭ አላት፣ ስፋቷም እንደ ተፈለገው ይስተካከላል። አንዱን የቆዳ ጠርዝ በቀጥታ ካቀኑ በኋላ ስቦ መተልተል ነው። ቀበቶና ማንገቻ ለሚሠራ ሰው ከዚህች የተሻለ ርካሽ ነገር አናውቅም። ቀበቶ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከዚህ በላይ መሄድም አያስፈልገውም። ቀበቶው ግን ከጀርባው አጥንት ጎን ጎኑን ይውጣ፤ የሆድ በኩል ቆዳ ስለሚለጠጥ ቀበቶው ወዲያው ይረዝማል።

ሦስተኛው የቅርጽ ስለት ነው። የቅርጽ ስለት የምንለው ዙሪያው በስለት የታጠረ ብረት ነው። ቆዳው ላይ አስቀምጠው ከላይ ሲመቱት ወይም ሲጫኑት ቅርጹን በአንድ ጊዜ ቆርጦ ያወጣል። አነስተኛ ከሆነ በከባድ የእንጨት ወይም የላስቲክ መዶሻ ይበቃዋል። በብረት መዶሻ ግን አትምቱት፤ አናቱ ይጎብጣል። ከሥሩም የጣውላ ግንድ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል እንጂ ብረት ላይ አይመታም፤ ስለቱ በአንድ ቀን ይሞታል።

አራተኛው የእጅ ፕሬስ ነው። ይህ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዘንጉን ወደ ታች ሲስቡት የሚጫን ሲሆን፣ ሁለተኛው በመኪና ማንሻ ክሪክ የሚሠራው ነው። የዘይት ክሪክ 6፣ 10፣ 12፣ 20 ቶን እየተባለ ይሸጣል። በወፍራም ብረት ማቀፊያ ውስጥ ይገባና ሁለት ጠፍጣፋ ብረት መካከል የተቀመጠውን የቅርጽ ስለት ይጫናል። መብራት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም፣ ቢበላሽም የመኪና መካኒክ ይጠግነዋል። በእኛ አስተያየት የመቁረጫ መኪና በእርግጥ ለሚያስፈልገው ቤት ትክክለኛው ይህ ነው።

ይሁንና ሲገዛ የሚታዩ ነገሮች አሉ። የሚያስፈልገው ኃይል የሚለካው በስለቱ ዙሪያ ርዝመት ነው። 3 በ8 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቁልፍ መያዣ ዙሪያው 22 ሳንቲ ሜትር ነው። 10 በ20 የሆነ የቦርሳ ገላ ዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ለዚያው ቆዳ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም ያህል የማይቀረው ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ የሚያሳያችሁን ትንሽ ቅርጽ አይታችሁ አትደሰቱ። ትልቁን የቅርጽ ስለታችሁንና ወፍራሙን ቆዳችሁን ይዛችሁ ሂዱና በፊታችሁ ይቆረጥ። አራቱም ማዕዘን እኩል ካልተቆረጠ ሁለቱ ጠፍጣፋዎች አልተስተካከሉም ማለት ነው፤ ገንዘቡን አትክፈሉ። በክሪኩ ላይ የተጻፈው ቶን የክሪኩ እንጂ የማቀፊያው አይደለም፤ ብየዳው ደካማ ከሆነ ተሰንጥቆ ሰው ይጎዳል። የስለቶቹም ቁመት አንድ ዓይነት ይሁን፤ 19 ሚሊ ሜትርና 32 ሚሊ ሜትር የሆኑ ስለቶች ቢቀላቀሉ በየጊዜው ፕሬሱን ማስተካከል ግድ ይሆናል።

አምስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ትልቁ የፋብሪካ ፕሬስ ነው። ሰው ሁሉ የሚመኘው ይህንን ነው። በእርግጥ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ባለ ሦስት መስመር 380 ቮልት መብራት ይጠይቃል፣ በየቤታችን የሚገባው ደግሞ ባለ አንድ መስመር 220 ቮልት ነው። ደግሞስ እንዴት እንርሳው? ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ላስታ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ በቢላዋና በወስፌ የሚሠራ ሰው እጁን አላጣም፤ በመብራት ብቻ የሚሠራ ዕቃ ግን ባለበት ቆሟል። ከዚህም በላይ ያገለገለ የፋብሪካ ፕሬስ የሚገዛ ሰው ሁለት ቁልፍ እንዳለው ይመልከት። ሁለት ቁልፍ የተደረገው ሁለቱም እጅ ከስለቱ ርቆ እንዲቆይ ነው። አንዱ ተፈትቶ በአንድ እጅ እንዲሠራ ከተደረገ፣ ያ መኪና ጣት ቆራጭ ነው።

«በአንድ ጊዜ አሥር ድርብ ይቆርጥልናል» የሚሉም አሉ። ይህ ለጨርቅና ለፕላስቲክ ይሆናል። ቆዳ ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባሳ አለው። የእሾህ ጭረት፣ የመዥገር ምልክት፣ በተለይም በአገራችን በግና ፍየል ላይ የሚወጣው እከክ ቆዳውን ያነቁረዋል። ስለዚህ ባለሙያ አንድ አንዱን ዘርግቶ፣ ነውሩን እየዘለለ ይቆርጣል። ደርቦ የቆረጠ ሰው የላዩን ነውር ቢያልፍ የሥሩን አያየውም። የሌዘር መኪናም ዛሬ ይወደሳል፤ ነገር ግን ጠርዙን ያቃጥለዋል፣ በክሮም የለፋ ቆዳ ሲቃጠል የሚወጣውም ጭስ መርዛም ነው። ሕፃናት በሚያድሩበት ቤት የሚገባ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ገበያችን የታወቀ ነው። ታኅሣሥ 29 ለገና ወደ ላሊበላ የሚመጣው ምዕመን አለ፤ ገነተ ማርያምን ሊያይ የሚመጣው እንግዳም አለ። ይህ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እንዴት እንደ ተዘጋ ሁላችንም በዐይናችን አይተናል። እንግዳው ቢቀር ቆዳው ይቆያል፤ ዕዳ ግን አይቆይም፣ ይወልዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን።

የመጀመሪያው፣ የቅሬው ሣጥን አይነካ። እኛ ራሳችን ቆዳ ሠሪዎች ሆነን ይህን ስንናገር አንዳንዱ ወዳጃችን ቅር ሊለው ይችላል። ግን ያ ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው፤ ለመግነዙ፣ ለድንኳኑ፣ ለለቀስተኛው እህልና ውኃ የተቀመጠ ነው። ሞት ደግሞ መኪናው ተሠርቶበት ዕዳው እስኪመለስ ቆሞ አይጠብቅም። አንዲት ደሀ እናት ልጇን ቀብራ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ብታገኘው፣ የእኛ ቀበቶ ምን ይመልስላታል?

ሁለተኛው፣ የሚፈልጉ አባላት ለብቻቸው እቁብ ይግቡና አንድ የክሪክ ፕሬስ በጋራ ይግዙ። ፕሬሱ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። አንድ ሰው በግማሽ ቀን የሚቆርጠውን ሳምንቱን ሙሉ ሲሰፋ ይውላል። ስለዚህ በየግማሽ ቀኑ ተራ ቢያወጡ አንዱ ፕሬስ ስድስት ሰባት ቤት ያገለግላል። የቅርጽ ስለቱን ግን እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ፤ ሁሉም አንድ ቅርጽ ከቆረጠ ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ ገበያ ይወጣና ዋጋው ይወድቃል። ዕቃው በማን ቤት እንደሚቀመጥ፣ ሲሰበር ማን እንደሚያሠራው፣ አንዱ ቢሞት ድርሻው ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ይግባ። ቅሬ ያስተማረን ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ነገሩ ሳይመጣ ተነጋግሮ መጨረስ።

በሬውንም ስለሚሸጠው ወንድማችን አንድ ቃል እንጨምር። በሬው ይረስ። ጠፍር መተልተያና አንድ የቅርጽ ስለት ገዝቶ እስከ ሚቀጥለው ገና ይሥራ፣ ደቂቃውንም ይጻፍ። የዚያን ጊዜ መኪና ያስፈልገው እንደሆነ ወረቀቱ ይነግረዋል።

ሣጥናችን ሞልቶ፣ የሚከፈትበት ምክንያት ግን የማይበዛበት ዓመት ያድርግልን።